የስታቲስቲክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ላዳና ቮልስ እንዴት እያነሱ ነው?

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ያተኮረበት ጥያቄ፣ መመረቱ የቆመ የመኪና ሞዴል ቁጥሩ በምን መልክ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ነበር። ለጥናቱ አዲስ አበባ አብጠርጥራ የምታውቃቸውን ላዳንና ቮልስዋገንን መረጥን። የፊያት 124ን ንድፍ መሠረት ያደረገው የመጀመሪያው ላዳ እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቪየት ኅብረት መመረት ጀምሮ የዚሁ ዝርያ ምርት በ2012 አበቃ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበት ዓይነት ቮልስ ደግሞ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመረተ።

ተማሪዎቹ ሥራቸውን በሒሳብ ጀመሩ። በየዓመቱ ካሉት መኪናዎች ከአሥር አንዱ ከአገልግሎት ቢወጣ፣ በሰባተኛው ዓመት ከግማሽ በታች፣ በ22ኛው ዓመት ደግሞ ከመጀመሪያው ቁጥር አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ይቀራል። ይሁን እንጂ ጋራዦችን ስንጎበኝ ምጣኔው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ሆኖ እንደማይዘልቅ ተረዳን፤ ሞዴሉ ገና ብዙ ሳለ የተጋጨው ሁሉ በቀላሉ ይጣላል፣ ጥቂት ሲቀር ግን ባለቤቱ ሳስቶ ይይዘዋል፣ መካኒኩም ከሞተው እየፈታ በሕይወት ያለውን ያቆማል። በአንድ ጋራዥ ያየነው ላዳ በሮቹ የሁለት መኪና ነበሩ፤ ቀለማቸውም ይህንኑ ይመሰክር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ያስተማረን በግቢ ጥግ የቆመ ሌላ ላዳ ነው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የመጨረሻ ቦሎ የ2008 ዓ.ም. ሲሆን ታርጋውም ሊብሬውም ግን እንዳሉ ናቸው። ታዲያ ይህ መኪና አለ ይባላል ወይስ የለም? ከተማሪዎቼ አንዷ መኪናው በወረቀት ላይ እንዳለ፣ በመንገድ ላይ ግን እንደሌለ ተናገረች፤ በእኔ እምነት የዓመቱ ትልቁ ግኝት ይህ ልዩነት ነው። እንግሊዞች ለዚህ መላ አበጅተውለታል፤ ከመንገድ መውጣቱ በባለቤቱ የተገለጸውን ተሽከርካሪ ግብር ተከፍሎበት ከሚነዳው ለይተው በየሞዴሉ ያትማሉ። በእኛ ዘንድ ግን ባየናቸው ሊብሬዎች ላይ በርከት ያሉት «ላዳ» ብቻ ይላሉ፤ ሞዴሉ 2101 ይሁን 2107 አይታወቅም። እንዲህ ሲሆን አንድ ሞዴል ከነጭራሹ ቢጠፋ መዝገቡ አያስታውቅም።

ሌላው ያነሳነው ጉዳይ ሕጉ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የተጣለው ከፍተኛ ቀረጥ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው፣ አሮጌውን መኪና ጠግኖ መንዳትን የሚያበረታታ ይመስለናል። ይህንን ግን በመረጃ ገና አላረጋገጥንም።

በመጪው ዓመት ክበቡ የአካባቢውን ላዳዎችና ቮልሶች በሻንሲ ቁጥር፣ በሞዴልና በመጨረሻ ቦሎ ዓመት ለይቶ የሚመዘግብ ቅጽ ያዘጋጃል። አሮጌ መኪና ያላችሁ ወላጆች ሊብሬውን ለተማሪዎቹ እንድታሳዩአቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የባለቤት ስም አይመዘገብም።