ኬሎይድን ስለማስቆረጥ የቀረበው ምክር እርማት ያሻዋል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ላይ ጆሮ ከተበሳ በኋላ የሚያድገውን ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጠውን ጠባሳ፣ አስቆርጦ መገላገል እንደሚቻል የሚመክር ጽሑፍ አንብቤአለሁ። በቆዳ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ እንደመሆኔ፣ ይህ ምክር ብቻውን ሲቀርብ አንባቢን ለባሰ ችግር ስለሚዳርግ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ቆዳ ሲቆስል፣ ደሙ ቆሞ ቁጣው መብረድ ሲጀምር፣ ፋይብሮብላስት የተባሉት ህዋሳት ወደ ቁስሉ ይገባሉ። የሰውነትን ክፍሎች የሚያያይዘውን ህብረ ህዋስ የሚሠሩት እነዚሁ ሲሆኑ፣ ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን እያመረቱ ክፍተቱን ይሞላሉ። ከፊሎቹም የመኮማተር ኃይል ወዳላቸው ህዋሳት ተለውጠው የቁስሉን ጠርዞች ይስባሉ። መጀመሪያ በጥድፊያ የተዘረጋው ኮላጅን በጠንካራው ዓይነት እየተተካ ለወራት ይታደሳል፤ እንዲያም ሆኖ የጠባሳው ጥንካሬ ከጤነኛው ቆዳ 80 በመቶ ገደማ ቢደርስ ነው። ሥራው ሲያበቃ አብዛኞቹ ህዋሳት ሞተው ይወገዳሉ። በኬሎይድ ላይ ግን ማምረቱ አይቆምም፤ ኮላጅኑ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ጤነኛውን ቆዳ ይወርራል። በቁስሉ ወሰን ውስጥ ተወስኖ የሚያብጠውና ከጊዜ በኋላ ሊሟሽሽ የሚችለው ጠባሳ ከዚህ የተለየ ነው፤ ጽሑፋችሁ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል።

እንግዲህ ኬሎይድን መቁረጥ ማለት ለእነዚሁ ህዋሳት አዲስ ቁስል መስጠት ነው። ያለ ተጨማሪ ሕክምና የተቆረጠ ኬሎይድ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ታካሚዎች ላይ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ ገዝፎ። ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ትሪያምሲኖሎን የተባለውን መድኃኒት በየጥቂት ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ በመውጋት ነው። ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግም ከዚሁ መርፌ፣ ከጨረር ወይም ጆሮን ከሚጫን ጌጥ ጋር ይጣመራል። በምላጭ ወይም በሚያቃጥል ቅጠል የሚሞክሩትን ደግሞ ባናነሣ ይሻላል፤ ውጤቱን በየጊዜው የምናየው እኛ ነን።

ኬሎይድ ካንሰር አይደለም፤ አይተላለፍምም። ይሁን እንጂ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይወረሳል። በመሆኑም ዓምዱ እርማቱን ሲያወጣ፣ በቤተሰባቸው ኬሎይድ ያለባቸው ወላጆች የልጃቸውን ጆሮ ከማስበሳታቸው በፊት ሐኪም እንዲያማክሩ የሚያሳስብ አንድ አንቀጽ እንዲጨምርበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ