እግሬ ሳይለካ ስለተበየዱት ፔዳሎች የቀረበ ቅሬታ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ፔዳሎቹ ተነቅለው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንዲሠሩልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

እናንተ ጋ ፔዳል ያሠራሁባት የቀይዋ ፊያት 1100 ባለቤት ነኝ። ቀለሟን ቢረሱ እንኳ ሞተሯን አይረሱትም። ከቶዮታ ፒካፕ የወጣ ባለ 2.4 ሊትር 22አር ነው። አሜሪካኖች ሆት ሮድ የሚሉት ዓይነት መኪና ናት፤ አሮጌ ቀላል ቦዲ፣ ውስጡ ትልቅ ሞተር። ላሜራውንም ሞተር መግጠሙንም እዚሁ ደሴ፣ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ለእናንተ የሰጠሁት ሦስቱን ፔዳሎች ብቻ ነው። የሰጠሁትም በፍሬን ቀልድ ስለማልወድ ነው።

ቦታው ጠባብ መሆኑን አልክድም። ሞተሩ ትልቅ ስለሆነ ወደ ኋላ ገብቷል። ካምቢዮው የእግር ቦታውን ከቀኝ በኩል በልቶታል። የመሪው ዘንግ በመሃል ያልፋል። በቀረችው ላይ ሦስት ፔዳልና ሁለት እግር ማስገባት ከባድ ነው። ወንበሩን ከነቡሎኑ ያመጣሁላችሁም ለዚሁ ነበር። ፔዳል የሚለካው ከሚነዳው ሰው ነው። መጀመሪያ ወንበሩ ይታሰራል። ሰውየው በሚነዳበት ጫማ ይቀመጥና መሪውን ይይዛል። እግሩ የሚያርፍበት ቦታ በካርቶን ልኩ ይወጣል። ብየዳ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የእናንተ ልጆች ግን ወንበሩን ጥግ አስይዘው ክፍት ቦታ ባገኙበት በየዱት። ወንበሩ የታሰረው መኪናዋን ልወስድ ስመጣ ነው።

በፍሬኑና በነዳጁ መካከል ያለው ክፍተት 2 ሳ.ሜ. ነው። የጫማዬ ስፋት 10 ሳ.ሜ. ነው። ሒሳቡን ለእርስዎ ልተወው። በዚያ ላይ ፍሬኑ ከነዳጁ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ የጫማዬ ጠርዝ ነዳጁንም ይዞት ይወርዳል፤ ላቁም ስል መኪናዋ ታጓራለች። ፍሪሲዮኑም ቢሆን ጉልበቴን ከመሪው ጋር ያጋጫል። ግራ እግሬን የማሳርፍበት ቦታም የለም። እሱን እንኳ እችለው ነበር።

የማልችለው የፍሬኑን ክብደት ነው። እግሬ የሚያርፍበት ቦታ ከማጠፊያው 21 ሳ.ሜ. ይርቃል። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከውን ፍሬን ማስተር የሚገፋው ዘንግ ደግሞ ከማጠፊያው 7 ሳ.ሜ. ላይ ነው የታሰረው። 21 ለ7 ሲካፈል 3 ነው። በ30 ኪሎ ብረግጥ ማስተሩ ላይ የሚደርሰው 90 ኪሎ ነው ማለት ነው። የእግርን ጉልበት የሚያግዝ ሰርቮ ላለው ፍሬን 4 አካባቢ ሊበቃው ይችላል። የእኔዋ ሰርቮ የላትም፣ የሚገባበት ቦታም የለም። እንዲህ ላለው የሚፈለገው 6 አካባቢ ነው። በዚያው 30 ኪሎ 180 ይደርስ ነበር። ግማሹ ፍሬኔ የት እንደቀረ አሁን ገብቶዎታል ብዬ አምናለሁ።

ይህንኑ ለሠራልኝ ልጅ ብነግረው «አብሽር ወንድሜ፣ እግር ይለምዳል» አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ በክፋት እንዳላለው አውቃለሁ። ግን ፍሬን የሚለመድ ነገር አይደለም። ነዳጁም ቢሆን ማቆሚያ አልተበጀለትም። እስከ ታች ስረግጠው የእግሬን ጉልበት የሚሸከመው ካቦው ነው። ካርቡራተሩ ጋ ቢያዝ ወይም ቢበጠስ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መላሽ ሞላውም አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ይሁንልኝ።

መፍትሔ አለው። ፔዳሎቹን ከክሩስኮቶው ሥር ከማንጠልጠል እንደ ቮልስ ከወለሉ አስነሷቸው። ማስተሩ ከወለል በታች ይገባል፣ ለእግሬም ቦታ ይለቀቃል። ያ 3 የሆነው የክንዱ ልክ ወደ 6 ሲጠጋ ፔዳሉ የሚሄደው መንገድ እንደሚረዝም አውቃለሁ። ቦታው ያስፈለገውም ለዚያ ነው። ማስተሩ ከጎማዎቹ ፍሬን ዝቅ ካለ ደግሞ ዘይቱ እንዳይመለስ ቫልቭ ይፈልጋል፤ በግፊት መለኪያ ለዲስክ ፍሬን 2 ፒኤስአይ፣ ለታምቡር ፍሬን 10። ቫልቮቹን እኔ አቀርባለሁ። ብየዳውና ጉልበቱ የእናንተ ይሁን። ይህን ካልተስማማችሁ የከፈልኩት ይመለስልኝ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 መኖሩንም ታውቃላችሁ፤ ንግድ ጽሕፈት ቤት ድረስ እንዳንካሰስ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። በስልክ «መኪናዋን አምጣት» ብላችሁኛል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገት ስለሆነ እንደ ምንም ወጥታለች። የመልሱ መንገድ ግን የሐረጎ ቁልቁለት ነው። ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ያውም በጠመዝማዛ፣ ከፊት አይሱዙ ከኋላ ከባድ መኪና። በዚህ ፍሬን አላወርዳትም። ወይ ባለሙያችሁን ከነብየዳ ማሽኑ ወደ ደሴ ላኩልኝ፣ ወይ በራሳችሁ ወጪ ጭናችሁ ውሰዷት። ልጁ ከመጣ ደግሞ ቡና ይፈላለታል። ወንበሩ ታስሮ፣ እኔም ጫማዬን አድርጌ እጠብቀዋለሁ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቀይዋ ፊያት ባለቤት
ደሴ