ለጋራ የጨዋማ ውሃ አኳሪየማችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለዓሣና ለባሕር ሕይወት ወዳጆች በሙሉ፦

ማኅበራችን የመጀመሪያውን የጨዋማ ውሃ አኳሪየም በመሰብሰቢያ አዳራሹ ለማቋቋም ወስኗል። ያለን ገንዘብ ጥቂት በመሆኑ፣ ይህ ጥሪ በቅድሚያ የሚመለከተው በየቤቱ ያለ ሥራ የተቀመጠውን ዕቃ ነው።

በመጀመሪያ የምንፈልገው 200 ሊትር ያህል የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነው። አነስተኛ ገንዳ ወጪ የሚቀንስ ቢመስልም፣ በጥቂት ውሃ ውስጥ ጨዋማነቱም ሆነ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ጀማሪን ይበልጥ የሚያስቸግረው እርሱ ነው። ያገለገለ ገንዳ በደስታ እንቀበላለን፤ ውሃ ሞልተን አለማፍሰሱን የምናረጋግጠውም እኛው ነን። ሆኖም መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ተጨምሮበት የሚያውቅ ከሆነ ለጋሹ አስቀድሞ እንዲነግረን አጥብቀን እንለምናለን፤ መዳብ በገንዳው ድንጋይና መስታወቱን በሚያያይዘው ማጣበቂያ (ሲሊኮን) ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ ዓሣው ቢችለው እንኳ ቀንድ አውጣውንና ሸርጣኑን ይገድላል። ውሃው ብቻ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ተራ ጠረጴዛ አይሸከመውም፤ ስለዚህ ማስቀመጫውን በነጻ የሚሠራልን አናጺ ብናገኝ ትልቅ ወጪ ያድነናል። ማሞቂያና የውሃ ማንቀሳቀሻ ፓምፕም ያስፈልገናል። ውድ መብራት ግን አንጠይቅም፤ ብርሃን የሚፈልገውን የባሕር እንስሳ ኮራልን እስካልያዝን ድረስ ተራው ይበቃናል።

ገንዘቡን የምናውለው በልገሳ ለማይገኘው ነገር ነው፤ ከዚህም ዋነኛው ጨው ነው። የምግብ ጨው በባሕር ውሃ ውስጥ የሚገኙት ካልሲየምና ማግኒዚየም በበቂ መጠን ስለሌሉት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ የአኳሪየም ጨው ስለሚያስፈልግ፣ ገንዳውን ለመሙላት 7 ኪሎ ግራም ያህል ይገባል። በየሳምንቱ ከውሃው 10 በመቶውን ስንለውጥ ደግሞ በ10 ሳምንት ውስጥ ሌላ 7 ኪሎ ግራም ያልቃል። በመሆኑም በአንድ ጊዜ ከሚሰጥ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የሚደርሰን አነስተኛ መዋጮ ይበልጥ ይጠቅመናል። የቧንቧ ውሃ ብዙውን ጊዜ ክሎሪን፣ አንዳንዴም አልጌን (በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዝቃጭ) የሚያባዛ ፎስፌት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚኖረው፣ የተጣራ ውሃ እንድንቀዳ የሚፈቅድልን ሰው ካለ ወጪያችን በእጅጉ ይቀንሳል። የውሃ መመርመሪያና የጨዋማነት መለኪያ ግን መግዛታችን አይቀርም።

የጨዋማ ውሃ አኳሪየም ያላችሁ ወዳጆች ከገንዳችሁ አንድ ሁለት ድንጋይ ብትሰጡን፣ በድንጋዩ ላይ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች የዓሦችን ቆሻሻ ዓሣን ከሚመርዘው አሞኒያ ወደ ናይትራይት (እርሱም መርዛማ ነው)፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የመለወጡን ሥራ ቶሎ ያስጀምሩልናል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ዓሣ ለመለገስ ያሰባችሁ እንዳትቀየሙን እንጂ፣ አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ መሆናቸው በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ አንድም ዓሣ አንቀበልም። ከዚያ በኋላ የምንጀምረው ከባሕር ሳይጠመዱ በሰው እጅ ተፈልፍለው ባደጉ ሁለት ክላውንፊሾች (ትንንሽ የባሕር ዓሦች) ይሆናል።

ገንዘብም ዕቃም የሌለው ሰው ጊዜውን ሊሰጠን ይችላል። ውሃው ሲተን ጨው በገንዳው ስለሚቀር፣ የጎደለውን በየቀኑ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ የሚተኩ ተረኞች እንፈልጋለን።

የገባው ዕቃና የወጣው ገንዘብ ዝርዝር ከደረሰኙ ጋር በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ለመለገስ የምትፈልጉ ዕቃውን ከማምጣታችሁ በፊት ዓይነቱንና የአገልግሎት ዘመኑን ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እንድታሳውቁ በአክብሮት እንጠይቃለን። ሳንጠቀምበት የቀረ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል።