ለልጄ፦ ስለ ባዮሎጂው ሸክም

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው እሑድ በስልክ «የሴል እስትንፋስን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መጽሐፉን ስዘጋው ግን ምንም አይቀረኝም፤ እኔ ለባዮሎጂ አልተፈጠርኩም» ካልሽኝ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ልጄ፣ ይህ የአንቺ ድክመት ነው ብዬ አላምንም። አዲስ ነገር ስንማር ሐሳብን ይዘን የምናብላላበት ጊዜያዊ ትውስታ ለማንም ሰው ጠባብ ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ያህል ነገር ይይዛል ያለውን፣ ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኔልሰን ካወን በ2001 ወደ አራት ገደማ ዝቅ አድርጎታል። አውስትራሊያዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ስዌለርም በ1988 ይህ ጥበት ትምህርትን እንዴት እንደሚያውክ አሳይቷል።

እስኪ ያንን ምዕራፍ ተመልከቺው። ግሉኮስ የተባለው ስኳር የሚሰነጠቅበት የመጀመሪያው ክፍል፣ ግላይኮሊሲስ፣ ብቻውን 10 ደረጃዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሥራውን የሚያፋጥንለት የራሱ ኢንዛይም አለው፤ ሁሉም የሚነገርሽ በእንግሊዝኛ ነው። «እስትንፋስ» የሚለው ቃል ራሱ ሳንባን እያስታወሰ ያሳስትሻል፤ እዚህ ግን የሚወራው ሴል ከግሉኮስ ኃይል ስለሚያወጣበት ሥራ ነው። ሥዕሉ በአንድ ገጽ፣ ማብራሪያው በሌላው ሲሆን ደግሞ ዓይንሽ ሲመላለስ ሐሳብሽ ይበተናል።

እኔም በአስተማሪነቴ ዘመን ዐሥሩንም ደረጃዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ እሞላ ነበር፤ ተማሪዎቼ ጸጥ ብለው ሲገለብጡ ሳይ የገባቸው ይመስለኝ ነበርና ዛሬም ይጸጽተኛል።

ስለዚህ የኢንዛይሞቹን ስም ለጊዜው ተዪውና ከካርቦኑ ጀምሪ፦ ባለ 6 ካርቦኑ ግሉኮስ በሳይቶፕላዝም (ሴሉን በሚሞላው ፈሳሽ) ውስጥ ተሰንጥቆ ሁለት ባለ 3 ካርቦን ፓይሩቬት ይሆናል፤ ሴሉ 2 ኤቲፒ (ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) አውጥቶ 4 ያገኛል፣ የተጣራው ትርፍ 2 ነው። ይህ በደንብ ሲዋሐድሽ በአእምሮሽ የሚይዘው የአንድ ነገር ቦታ ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኦክስጅን ካለ ፓይሩቬቱ የሴሉ ኃይል ማመንጫ ወደሆነው ማይቶኮንድሪያ ሲገባ ለመከተል ፋታ ታገኛለሽ። ስሞቹን ከሥዕሉ ራቅ አድርገሽ አትዘርዝሪ፤ እዚያው ቀስቱ አጠገብ ጻፊያቸው። በማግስቱ መጽሐፉን ሳትከፍቺ በባዶ ወረቀት እንደገና ሣዪው፤ አራተኛ ጊዜ ከማንበብ ይልቅ ይህ እጅግ ይጠቅምሻል።

የሣልሽውን ወረቀት፣ የተሳሳትሽውን ሳታጠፊ፣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ እሑድ ማታ ስንደዋወል እያንዳንዱን ቀስት አብረን እናየዋለን።

አባትሽ