ስለ ፊልምና ስለ ሻንጣ የጻፋችሁት ይታረምልኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ለመንገደኞች ብላችሁ ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። ስለ ፓስፖርት፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሻንጣ ክብደት ያላችሁት ጥሩ ነው። ካሜራ ላይ ስትደርሱ ግን የፎቶ ፊልም የያዘ ሰው በእርሳስ ማዕድን በተለበጠ ከረጢት አድርጎ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይክተተው አላችሁ። እባካችሁ ይህቺን ነገር አርሟት። እኔ ይህንኑ ምክር ከሌላ ሰው ሰምቼ የሁለት ሳምንት ጉዞ ፎቶዬን በገዛ እጄ አበላሽቻለሁ።

ሰባት ፊልም ነበር። ሁሉም 36 ፎቶ የሚያነሱ፣ ሁሉም ተነስተው ያለቁ። ከረጢቱ ውስጥ ከተትኳቸው፣ ከረጢቱን በሹራብ ጠቀለልኩት፣ ሻንጣው መሃል ወተፍኩትና ሻንጣውን ለጭነት አስረከብኩ። ኩራቴ አይጣል ነው። ተመልሼ ካሳጠብኳቸው በኋላ አንዱን ኔጋቲቭ ወደ መስኮት አድርጌ ሳየው፣ እንደ ሞገድ የሚጥመለመል ወፍራም ጥላ ከአንዱ ፍሬም፣ ማለትም ከአንዱ ፎቶ፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት እንኳ አልተረፈችም። ቀልቤ የተገፈፈው እሷን ሳይ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔ የአነሳስ ስህተት ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ፍሬሙ ውስጥ ይቀር ነበር። በወረቀት ሲታተሙማ ጥቁር መሆን የነበረበት ሁሉ አመድ መስሏል።

ለጭነት የሚሰጥ ሻንጣ የሚያልፍበት ማሽን የእጅ ሻንጣ ከሚያየው የተለመደ ኤክስሬይ ይልቅ ኃይለኛ ጨረር ነው የሚጠቀመው። ከረጢቱ አያስጥልም። የእጅ ሻንጣ ውስጥ ብታደርጉትም ፈታሹ ስክሪኑ ላይ ውስጡ የማይታይ ጥቁር ነገር ያያል፤ ያስከፍታችኋል ወይም ደግሞ ያሳልፈዋል። ታዲያ ምን አተረፋችሁ?

ድሮ የእጅ ሻንጣ ማሽን ይህን ያህል አያስፈራም ነበር። አይኤስኦው፣ ማለትም ብርሃን የመቀበል አቅሙ፣ መቶ ወይም አራት መቶ የሆነ ፊልም አንድ ሁለት ጊዜ ቢያልፍ የሚታይ ጉዳት አይደርስበትም፤ መጠንቀቅ የነበረብን ለ800 እና ከዚያ በላይ ለሆነው ነው። እርግጥ ጨረሩ ይጠራቀማል። መሃል ላይ ሦስት ቦታ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው ሦስቱንም መቁጠር አለበት። አሁን ግን ብዙ ኤርፖርቶች የእጅ ሻንጣውንም በሲቲ ስካን ማየት ጀምረዋል፤ ሐኪም ቤት ካለው ጋር አሠራሩ ያው ነው፣ ዕቃውን ዙሪያውን እየዞረ ያነሳዋል። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ራሱ ያልታጠበ ፊልም በዚህ ማሽን አንድ ጊዜ ብቻ ማለፉ እንኳ ሊጎዳው ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል። ማሽኑን በምን አውቀዋለሁ ካላችሁ፣ ወፈር ያለና እንደ ዋሻ ክብ የሆነ ነው። ፈታሾቹም «ላፕቶፑን አታውጡ፣ ፈሳሹም እዚያው ይሁን» ካሉ በአብዛኛው እሱ ነው። ሌላው መንገደኛ ሲደሰት ፊልም የያዘው የሚደነግጥበት ቦታ ነው።

መፍትሔው በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ ነው። ፊልሞቹን ከፕላስቲክ ብልቃጣቸው አውጥቼ ውስጡ በሚያሳይ ከረጢት እይዛቸዋለሁ፣ ሰልፉ ጋር ቀደም ብዬ እደርሳለሁ፣ ዕቃዬን ማሽኑ ላይ ከማስቀመጤ በፊት እናገራለሁ። ባለፈው አንዲት ፈታሽ ከረጢቱን ተቀብላ አንዷን ፊልም በሁለት ጣቷ ብድግ አደረገቻት፣ በቁራጭ ጨርቅ ዙሪያዋን ጠረግ ጠረግ አድርጋ ጨርቁን ፈንጂ የሚያሸትተው ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ሁሉንም እንደዚያው አንድ በአንድ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ አለቀ። አሜሪካ ውስጥ የፍተሻው መሥሪያ ቤት ቲኤስኤ ራሱ ፊልም የያዘ መንገደኛ በእጅ እንዲፈተሽለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ሌላ ቦታ ግን ነገሩ በፈታሹ ፈቃድ ያለበት አገር ብዙ ነው። እምቢ ካለ መጨቃጨቅ የትም አያደርስም፤ እኔ ሞክሬው አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነበር።

ስለዚህ የእኔ አቋም ሌላ ነው። ፊልሙን እዚያው በሄዳችሁበት ግዙት፣ እዚያው አሳጥቡት። የታጠበ ኔጋቲቭን የትኛውም ማሽን አይጎዳውም፤ ሺህ ጊዜ ቢያልፍ ግድ የለም።

«የማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ፎቶ ቤት እንዴት አምኜ እሰጣለሁ?» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። መልሴ አንድ ነው። የተለመደው ባለ ቀለም ኔጋቲቭ የሚታጠብበት መንገድ ሲ-41 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ነው፣ የትም አገር ያው ነው። የመጀመሪያው ኬሚካል 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ፊልሙ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይቆይበታል። ቋንቋው ይለያያል እንጂ ውሃው አይለያይም። የሚለያየው ኬሚካሉ ትኩስ መሆኑና የሚሠራው ሰው ጥንቃቄ ነው፤ ለዚህ ደግሞ በቀን ብዙ ፊልም የሚያጥብ ቤት ይመረጣል። እዚሁ ነው የምታጥቡት ወይስ ሌላ ቦታ ትልካላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ብዙም የማያሳሳችሁን አንድ ፊልም ስጡና ውጤቱን እዩ። ጥቁርና ነጭ የምትወዱ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ሱፐር የሚባለውን ፊልም ያዙ፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ በሲ-41 የሚታጠብ ስለሆነ የትም አትቸገሩም። ስላይድ፣ ማለትም ምስሉ በትክክለኛ ቀለሙ ፊልሙ ላይ የሚወጣው ዓይነት፣ ግን ኢ-6 የሚባል ሌላ አስተጣጠብ አለው፣ የሚሠራ ቤትም እንደልብ አይገኝም፤ ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ እንዳትረሱ፣ ኔጋቲቩን ትመልሱልኛላችሁ ወይ? እኔን አንድ ቤት ጉድ ሠርቶኛል። ፎቶዎቹን ስካን አድርገው በኢሜይል ላኩልኝ፣ ደስ አለኝ፣ ኔጋቲቬን ልውሰድ ብዬ ስሄድ ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ። ጥለውታል! ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ ስለማይፈልጉት ይጥሉታል አሉ። ወላ ይቅርታ የለም።

ስትገዙም ዓይናችሁን ግለጡ። ቱሪስት የሚተራመስበት ኪዮስክ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ካርቶን ቀለሙ ለቆ ይታወቃል፤ ውስጡ ያለው ፊልምም ከካርቶኑ አይሻልም። ሙቀት የፊልም ጠላት ነው። ፊልም በብዛት የሚሸጥበት የካሜራ መደብር ሂዱ፣ ጊዜ ማለፊያውን አንብቡ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚታጠብ ካርቶኑ ላይ እዩ። ይህን የምለው አንዳንዱ ከትልቅ የሲኒማ ጥቅል ላይ ተቆርጦ በትንሽ ቆርቆሮ የተጠቀለለ ስለሆነ ነው። ምስሉ ያምራል። ግን ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ሬምጄት የሚሉት ጥቁር ሽፋን አለው፣ ሳይነሳ ተራ የሲ-41 ማሽን ውስጥ ከገባ ሽፋኑ እየረገፈ ኬሚካሉን ያበላሻል፣ የሌላውንም ሰው ፊልም። ለዚህ ነው ብዙ ቤቶች አንቀበልም የሚሉት። ሽፋኑ አስቀድሞ የተነሳለትም ይሸጣል፤ የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ ግዙ።

«ይዤው ልመለስና ሲመቸኝ አሳጥበዋለሁ» ለሚሉም አንድ ነገር አለኝ። የተነሳ ፊልም ላይ ያለው ምስል ሳይታጠብ በቆየ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ካለ። አውቃለሁ፣ የእነ አንድሬን ታሪክ የምታነሱብኝ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1897 በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ሊበሩ ተነስተው የጠፉት ሦስት ስዊድናውያን አስከሬናቸው በ1930 ነጭ ደሴት በምትባል በረዷማ ደሴት ላይ ሲገኝ ፊልማቸውም አብሮ ተገኘ። ከ33 ዓመት በኋላ ስቶክሆልም ላይ ታጥቦ፣ ከ240 ምስል 93ቱ ተርፈዋል። መሬት ላይ የወደቀውን ባሉን አጠገቡ ቆመው ሲያዩት የሚያሳየው ፎቶ ከዚያ የወጣ ነው። ይገርማል፣ ግን እነሱን የጠበቃቸው በረዶ ነው። የእናንተ ፊልም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው የመጀመሪያው የኮዳክ ካሜራ መቶ ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ተጎርሶበት ነበር የሚሸጠው። ሲያልቅ ሰው ካሜራውን እንዳለ አሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ወዳለው ፋብሪካ ይልከዋል፣ አጥበው፣ አትመው፣ አዲስ ፊልም ከተውበት ይመልሱለታል። እኛ ዛሬ እንደዚያ መድከም የለብንም፤ ከሆቴል ወጥቶ ሁለት መንገድ መሻገር ነው፣ ከመመለሻችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀደም ብሎ። የመጨረሻው ቀን ላይ እንዳታደርጉት፤ ነገ ና ይሏችኋል።

እንግዲህ እርማቱን በሚቀጥለው እትም አውጡልን። ረጅም ይሁን አላልኩም። ያልታጠበ ፊልም ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ አይገባም ማለት ይበቃል። ቦታ ከተረፋችሁ ደግሞ ካሜራው ውስጥ የተጎረሰው ፊልምም ፊልም መሆኑን ጨምሩበት። ባለፈው ዘጠኙን በከረጢት ይዤ፣ በእጅ አስፈትሼ፣ አመስግኜ ካለፍኩ በኋላ ካሜራዬ በዚያ ክብ ማሽን ውስጥ ሲያልፍ ቆሜ አየሁት። አሥረኛው እሱ ውስጥ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ