የጂኦግራፊ ክበብ፦ ባሕርን የሚመክት ጠጠር

ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ሊማሩ የሚመጡ ልጆች ስለ ባሕር ጠጠር ማጥናታቸው ምን ይረባቸዋል ብለው የጠየቁን ወላጆች ነበሩ። ልጆቻችን የሚያድጉት ዙሪያዋን ባሕር በከበባት አገር ነውና ዐይናቸው ያየውን በአማርኛ ማስረዳት መቻላቸው የቋንቋው ትምህርት ዋና አካል እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

የክፍል ውስጥ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው በካርታ ንባብና በጥያቄና መልስ ውድድር አልፈዋል። የዓመቱ ትልቁ ሥራ በጥቅምት ወር ከለንደን በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ወዳለው የዶርሴት አውራጃ ያደረግነው ጉዞ ነው። እዚያ ያለው የቼሲል ዳርቻ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የጠጠር ክምር ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል አተር የሚያክለው ጠጠር በምሥራቅ ጫፍ ወዳለው ፖርትላንድ በተጠጋ ቁጥር እየተለቀ ሄዶ መዳፍ ይሞላል።

እዚያው ፖርትላንድ ጫፍ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በጀሪካን ይዘነው ከሄድነው ውኃ ጥቂቱን በጠጠሩ ላይ፣ ጥቂቱን ደግሞ በመከላከያው ግንብ ተዳፋት ላይ አፈሰሰች። በግንቡ ላይ የፈሰሰው እየተንደረደረ ወረደ፤ በጠጠሩ ላይ የፈሰሰው ግን አንድ ክንድ ሳይሄድ ሰርጎ ጠፋ። በክፍል ውስጥ አማርኛ ለመናገር የምታፍረው ይህች ልጅ አብረውን ወደ መጡት አያቷ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ ማዕበሉ ሲወጣ ጉልበት አለው፤ ሲመለስ ግን ውኃው በጠጠሩ መሃል ስለሚሰርግ ይደክማል። ስለዚህ ገፍቶ ያወጣውን ጠጠር ሁሉ መልሶ መውሰድ አይችልም» አለቻቸው። አያትየው «እስቲ ድገሚልኝ» ሲሏት፣ በዚህ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችላቸው። በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ልቤን የነካ ነገር ጥቂት ነው።

ጠጠሩ ግን እንደ ግንብ ባለበት የሚቆም አይደለም። የዐውሎ ነፋስ ማዕበል ወደ ባሕር ይጎትተዋል፣ ረጋ ያለው ማዕበል መልሶ ይከምረዋል፣ ውኃው ከአናቱ ሲያልፍ ደግሞ ወደ የብስ ያንከባልለዋል። እ.ኤ.አ. በ1824 ባሕሩ ክምሩን ተሻግሮ ከበስተኋላው የነበረውን የፍሊት መንደር ቤተ ክርስቲያን አፍርሷል። በሶመርሴት አውራጃ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በማዕበል የተሰበረው የፖርሎክ የጠጠር ክምር ደግሞ ሳይጠገን በመተዉ ከኋላው የነበረው መሬት ጨዋማ ረግረግ ሆኗል፤ መተዉ ይገባ ነበር ወይ በሚለው ላይ ልጆቹ ያደረጉት ክርክር ከሰዓቱ አልፎ ቀጥሏል።

ክረምቱ በክምሩ ቅርጽ ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማየት በመጋቢት ተመልሰን ልንለካ የነበረው ዕቅድ በአውቶቡስ ኪራይ ምክንያት ቀርቷል። ለበዓል ድግስ ገንዘብ ሲዋጣ ማንም አያመነታም፤ ለትምህርት ጉዞም እንዲሁ ቢሆን ምን አለበት? ለመጪው ዓመት የሚያስፈልጉን የሁለት ጉዞ ኪራይ፣ ረጅም ሜትርና የተዳፋት መለኪያ ናቸው። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆች ከመስከረም በፊት ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።