ወንጪ ከሎጁ አጥር ውጭም አለ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክረምቱ ሲወጣ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው ለመዝናናት ለሚያስቡ ሰዎች ባለፈው እሑድ ስለ ወንጪ ሐይቅ ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ ስላዩት ይዘቱን አልደግምም። በዚያ ስለተሠራው ሎጅ ክፍሎች፣ ስለ ምግብ ቤቱና ከሰገነቱ ስለሚታየው ውበት በተጻፈው አንጣላም። ያስቆጣኝ በመጨረሻው ዓምድ ላይ የሰፈረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በሎጁ ላላረፈ ጎብኚ ሐይቁን ከላይ አይቶ ከመመለስ በቀር በወንጪ የሚሠራ ነገር የለም ይላል።

እኔ የወንጪ ልጅ ነኝ። ዛሬ ኑሮዬም ሥራዬም ፒያሳ ቢሆንም ወላጆቼ እስከ አሁን የሚኖሩት ከሐይቁ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ታላቅ ወንድሜም ከእርሻው ጎን ለጎን ልጆቹን የሚያሳድገው ለእንግዳ ፈረስ እየሳበ ነው። ሎጁ ከመሠራቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ፈረሱን በተራ እያቀረቡ፣ ጀልባ እየቀዘፉና መንገድ እየመሩ እንግዳ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ጋዜጠኛው የሚሠራ ነገር የለም ብሎ ሲጽፍ እንደሌሉ የቆጠረው እነዚህን ሰዎች ነው።

የሚሠራውን ነገር እኔ ልንገራችሁ። በጥቅምትና በኅዳር፣ በመስከረም ጭቃ የነበረው ቁልቁለት ይደርቃል፤ ምንጮቹና ጅረቶቹ ግን ገና አልጎደሉም፤ ሰማዩም ስለሚጠራ ሐይቁ ከነደሴቱ ከጠርዙ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። እንግዳው ከዚያ ተነሥቶ በእግሩ ወይም በፈረስ በእንሰት ጓሮዎችና በገብስ ማሳዎች መካከል እየወረደ ውሃው ዳር ይደርሳል። በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻግሮ የቂርቆስን ገዳም ይሳለማል፤ ቀኑ ከወሩ በ15 ከዋለ ደግሞ የቅዱሱ መታሰቢያ ስለሆነ ከአካባቢው ምእመናን ጋር አብሮ ይሻገራል። ከዚያ በማዶ በኩል ፍልውሃውን፣ የማዕድን ውሃ ምንጮቹንና በጅረት ኃይል የሚዞረውን ወፍጮ እያየ በሌላ መንገድ ይመለሳል፤ የወንጪን ማር ለሚወድም ከገበሬው እጅ መግዛት ነው። ሐይቁ ራሱ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የተራራው ጫፍም 3,386 ሜትር ስለሚደርስ፣ የመልሱ ዳገት ከፍታ ለለመደው ለአዲስ አበባ ሰው እንኳን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የወንድሜ ፈረስ የሚፈለገውም ያን ጊዜ ነው። በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ሹራብና ጋቢ መያዝ እንደሚገባም ዘገባው ቢናገር ለአንባቢው በጠቀመ ነበር። ይህ ሁሉ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ጉዞ ነው፤ ለአንዱም ቢሆን የሎጅ ቁልፍ መያዝ አያስፈልግም።

የበለጠ የሚገርመው፣ ዘገባው ራሱ ወንጪ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኖ መመረጡን በኩራት መጥቀሱ ነው። ያ ክብር የተሰጠው ከ32 አገሮች ለተመረጡ 44 መንደሮች ነው። መስፈርቱም የነዋሪው ቁጥር ከ15,000 እንዳይበልጥና እንደ እርሻ ያሉ ነባር የኑሮ ዘዴዎች የጸኑበት የገጠር መንደር እንዲሆን ይጠይቃል። ሎጁ ያን ጊዜ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ገና በመገንባት ላይ ነበር። እንግዲህ የተመረጠው መንደሩ ከሆነ፣ የመንደሩን ክብር ጠቅሶ መንደርተኛውን መዝለል ምን የሚሉት ጋዜጠኝነት ነው?

ከዘገባው ጋር የወጣው ፎቶግራፍም የጽሑፉን ሐሰት ይመሰክራል። ጎብኚዋ ፈረስ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጓሙን የያዘው ሰው ግን ከእጁ በቀር ተቆርጦ ወጥቷል። ጸሐፊው ለዝርዝሩ ቦታ አልበቃኝም ሊል ይችል ይሆናል። ስለ አልጋ ልብስ አምስት መስመር የተገኘለት ገጽ ለፈረስ ሳቢው አንድ መስመር እንዴት አጣ?

ጉዳቱ የወረቀት ጉዳት ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቤቴ ባልደረቦች በኅዳር አብረውኝ ወንጪ እንዲሄዱ ያግባባኋቸው እኔ ነበርኩ፤ ገንዘብ ማዋጣትም ጀምረን ነበር። ሰኞ ጠዋት ጋዜጣችሁን ይዘው መጥተው፣ ሎጁን ካልቻልነው እዚያ ድረስ ምን ልናደርግ እንሄዳለን አሉኝ፤ ጉዞውም ወደ ቢሾፍቱ ዞረ። እኔ የዚያ አገር ልጅ ሆኜ ስናገር ያልታመንኩት የታተመ ወረቀት ስለተቃወመኝ ነው። እነዚህ ሰዎች በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በለገሃር እንደሚሠራው አብዛኛው ደመወዝተኛ የግል መኪናም ለሎጅ የሚተርፍ ገንዘብም የላቸውም፤ ነገር ግን ከአየር ጤና መናኸሪያ በአውቶቡስ ወሊሶ ደርሶ፣ እዚያ አድሮ፣ ማልዶ በሌላ መኪና ወደ ወንጪ መውጣት አያቅታቸውም። ይህን መንገድ ማመልከት የእናንተ ሥራ ነበር፤ እናንተ ግን በሩን ዘጋችሁባቸው። በዚያው በር የወንድሜም እንጀራ ተዘጋ።

ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲታረም እጠይቃለሁ። በማረሚያው ላይ የእግሩ መንገድ፣ የፈረሱ፣ የጀልባውና የገዳሙ ነገር በስማቸው ይጠቀሱ፤ ፎቶግራፉም ሳይቆረጥ እንደገና ይውጣ። የኅዳር ጉዞውን ገና ያልወሰነ አንባቢ ብዙ ነውና ማረሚያው ለሚቀጥለው እሑድ ይድረስ።

ከአክብሮት ጋር፣
የወንጪ ተወላጅ፣ ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ